ከክርን እስከ ልብ፦ የ65 ሳንቲ ሜትር መንገድ

በ1929 ከበርሊን ብዙም በማትርቀው በኤበርስቫልደ ከተማ አንድ ወጣት ሐኪም የግራ ክርኑን መታጠፊያ አደንዝዞ ቆዳውን ሰነጠቀ። ከሥሩ ያገኘውን ደም ሥር ከፈተና ዘይት የተቀባ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ወደ ብብቱ፣ ከዚያም ወደ ደረቱ ይገፋው ጀመር። ቱቦው 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲገባ ሰውዬው ከነቱቦው ተነሣ፤ በእግሩ ደረጃ አልፎ ወደ ራጅ ክፍል ሄደ። እዚያም ነርስ መስታወት ይዛለት የራሱን ደረት በራጁ ሰሌዳ ላይ ተመለከተ። የቱቦው ጫፍ ልቡ ውስጥ ነበር።

ሰውዬው ቬርነር ፎርስማን ይባላል፤ የተወለደው በ1904 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሽታ አልነበረበትም። ይህን በራሱ ላይ ያደረገው በሕይወት ያለ ሰው ልብ ከውስጥ ቢነካ እንደማይቆም ለማሳየት ነው።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ጀግንነት ነው። ድፍረቱን የሚክድ የለም። እኔን ግን ጉዳዩን በተመለከትኩት ቁጥር ከድፍረቱ በላይ የሚደንቀኝ የመረጠው መንገድ ነው። ክንድ ውስጥ የተለያዩ የደም ሥር ዓይነቶች አሉ። በ1929 በነበረው መሣሪያ፣ በአንድ እጅ እየሠራ፣ ብዙ ደም ሳይፈሰው ልብ ድረስ የሚያደርሰው ግን አንደኛው ዓይነት ነበር። ለምን እሱ እንደሆነ የተረዳ ሰው ደም በሰውነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ዋናውን ነገር ተረዳ ማለት ነው።

አንድ ስም፣ ሦስት ነገር

በአማርኛ «ደም ሥር» ስንል ሁሉንም ጠቅልለን ነው። ነርስ ግሉኮስ ለመስቀል ክንዳችንን አስራ የምትፈልገው ደም ሥር ነው። ትርታ ለመቁጠር የእጅ አንጓ ላይ ጣታችንን የምናሳርፈውም ደም ሥር ላይ ነው። ጣት በመርፌ ሲወጋ ጠብ የምትለዋ ደምም የምትመጣው ከደም ሥር ነው። ሦስቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ነርሷ የምትፈልገው ደም መልስ ነው፤ ሐኪሞች ቬይን የሚሉት፣ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው። ትርታ ያለው ደም ቅዳ ነው፤ አርተሪ የሚባለው፣ ደምን ከልብ ቀድቶ የሚወስደው። ጣታችን ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ ካፒላሪ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለ፣ ያለ ማጉያ መሣሪያ የማይታይ ቀጭን ድልድይ።

«ሥር» የሚለው ቃል ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የዛፍ ሥር ከፀጉር በቀጠኑ ጫፎቹ ውሃ ይሰበስባል፤ ጫፎቹ እየተገናኙ፣ እየወፈሩ መጥተው ግንዱ ላይ ይደርሳሉ። ደም መልስ ልክ እንደዚሁ ነው። ደም ቅዳ ግን ከሥር ይልቅ ቅርንጫፍን ይመስላል፦ ከግንድ ተነሥቶ እየተከፋፈለና እየቀጠነ ይሄዳል። ስለዚህ ከክንድ ተነሥቶ በደም መልስ ውስጥ የሚጓዝ ቱቦ እንደ ውሃው ከጫፍ ወደ ግንድ ይሄዳል፤ መንገዱም እየሰፋለት ይመጣል። ሙሉ ዋስትና ግን የለውም። ደረት አጠገብ ሲደርስ የአንገት ደም መልስ ከጎን ስለሚገናኘው ቱቦው ተጣጥፎ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ፎርስማን ደረጃውን ያህል መንገድ ሄዶ ራጅ ማየት ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ልብ መድረሱን በግምት መናገር አይቻልም።

ለምን አስፈለገው?

በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ልብ ሲዳከም ወይም ሲቆም የመጨረሻው ሙከራ ረጅም መርፌ በደረት ወግቶ መድኃኒቱን በቀጥታ ልብ ውስጥ መርጨት ነበር። መርፌው ግን ዓይን የለውም። ልብን ራሱን ከሚመግቡት ደም ቅዳዎች አንዱን ሊቀድ፣ የሳንባን ሽፋን ሊወጋ፣ ልብ በተጠቀለለበት ከረጢት ውስጥም ደም እንዲጠራቀም ሊያደርግ ይችላል። «ታዲያ መድኃኒቱን ክንድ ላይ ቢወጉትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ የደም ዝውውርን ነገር በደንብ ያሳያል፦ ልቡ ደም መግፋት ያቃተው ሰው ክንዱ ውስጥ ያለው ደምም ቆሟል ወይም እያዘገመ ነው፤ የተወጋው መድኃኒት እዚያው ክንዱ ውስጥ ይቀራል። ደም ሥር መንገድ ብቻ ነው፤ ጭነቱን የሚያንቀሳቅሰው የልብ ግፊት ነው።

ፎርስማን ያሰበው ቱቦ በደም መልስ አሳልፎ መድኃኒቱን ልብ ደጃፍ ላይ ማድረስ ነበር። ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናር በ1844 በፈረስ ልብ ውስጥ መሣሪያ አስገብቶ የደሙን ሙቀት ለክቷል። በ1861 ደግሞ ሾቮና ማሬ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈረስ አንገት ደም መልስ በኩል ቱቦ አስገብተው የልብን ግፊት መዝግበዋል። ፈረሶቹ በሙከራው አልሞቱም። ፎርስማን የዚህን ሙከራ ሥዕል ያውቀው ነበርና፣ በፈረስ የሆነው በሰው ለምን አይሆንም ብሎ ተነሣ።

የክፍሉ አለቃ ከለከለው፤ በራሱም ላይ ቢሆን አይሆንም አለው። የቀረውን ፎርስማን በሁለት ቦታ ጽፎታል፤ በ1929 ባሳተመው የሕክምና ጽሑፍና ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ። ሁለቱ በዝርዝራቸው ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። በሕክምና ጽሑፉ መሠረት በመጀመሪያው ሙከራ አንድ የሥራ ባልደረባው ረድቶታል፤ ቱቦው 35 ሳንቲ ሜትር ሲገባ ባልደረባው አደገኛ ነው ብሎ አስቆመው፤ ፎርስማን ግን ምንም ሕመም አልተሰማውም ነበር። ከሳምንት በኋላ ለብቻው ደገመው። በሕይወት ታሪኩ ላይ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ዕቃዎች ኃላፊ የነበረችው ነርስ ሙከራው በእሷ ላይ እንዲደረግ ፈቅዳ፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ ካሰራት በኋላ ዘወር ብሎ በራሱ ክንድ ላይ እንደሠራ ይተርካል። ነርሷን እንዲህ ማታለሉን አላሳምርለትም። ለእውቀት ሲባል የተደረገ ቢሆንም ታማሚም ሆነ ባልደረባ የሚደረገውን የማወቅ መብት አለው።

ክርን ላይ ሁለት ጎረቤቶች

አሁን ቢላዋው ያረፈበት ቦታ ላይ እንቆይ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ክንድዎን ዘርግተው የክርንዎን መታጠፊያ ይመልከቱ። ብዙ ሰው ላይ ከቆዳ ሥር ሰማያዊ የሚመስል መስመር ይታያል። ያ ደም መልስ ነው። አሁን ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውስጠኛው ጎን ሁለት ጣት ጠበቅ አድርገው ያሳርፉ። ከሥር የሚመታ ነገር ይሰማል። ያ ትልቁ የክንድ ደም ቅዳ ነው፤ ሐኪም የደም ግፊት ሲለካ ማዳመጫውን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ስስ ግን ጠንካራ የጅማት ሽፋን ነው። ከደም ቅዳው ጎን ደግሞ ወደ እጅ የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ። ፎርስማን በአንድ እጁ ሲሠራ ቢላዋው ትንሽ ጠልቆ ቢሄድ ኖሮ የሚያገኘው ሌላ ዓይነት ደም ሥር ነበር፤ ታሪኩም ሌላ ይሆን ነበር።

ጤነኛ አዋቂ ሰው በሚያርፍበት ጊዜ በደም ቅዳው ውስጥ ያለው ግፊት ልብ ስትጨመቅ ወደ 120፣ ስትላላ ወደ 80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ክርን ላይ ባለው ደም መልስ ውስጥ ግን ከ10 ብዙም አይበልጥም፤ የቀኝ ልብ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ይህን ልዩነት ዓይኑ እያየ የለካው የመጀመሪያው ሰው እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ ነው። በ1733 ባሳተመው ሥራው ላይ እንደገለጸው፣ በአንዲት ፈረስ የታፋ ደም ቅዳ ውስጥ የናስ ቧንቧ አስገብቶ ከረጅም የብርጭቆ ቱቦ ጋር አገናኘው። ደሙ ቱቦው ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ደረሰ፤ እያንዳንዱ የልብ ምት ከፍ ዝቅ ያደርገው ነበር። ከሰው ቁመት በላይ የቆመ የደም ዓምድ ማለት ነው። ደም ቅዳ ሲቆረጥ ደሙ ዝም ብሎ የማይፈሰው፣ በምት በምቱ እየፈነጠቀ የሚወጣው በዚህ ግፊት ነው። ፎርስማን የከፈተው ደም መልስ ግን ጥቁር ቀይ ደም ቀስ ብሎ የሚያፈስስ፣ በጣትና በክር የሚያዝ ነበር።

የሁለቱ ግድግዳም እንደየሥራቸው ይለያያል። ሁለቱም ሦስት ንብርብር አላቸው፤ በደም ቅዳ ውስጥ ግን መካከለኛው ንብርብር በጡንቻና እንደ ላስቲክ በሚሳብ ክር የወፈረ ነው። ከልብ የሚነሣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ልብ ደም ስትረጭበት ይነፋና የግፊቱን ከፊል በግድግዳው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ልብ ስታርፍ ተመልሶ ይጨመቅና ደሙን ወደፊት ይገፋዋል። ልብ በየምቱ መካከል ብታርፍም ደሙ የማይቆመው ለዚህ ነው። የሚገርመው ይኸው የመጨመቅ ችሎታ የጥንት ሐኪሞችን ለብዙ ዘመን ማሳሳቱ ነው። ሰው ሲሞት ደም ቅዳዎቹ የያዙትን ደም ወደ ደም መልሶቹ ገፍተው ባዶ ይቀራሉ። አስከሬን የከፈቱ ጥንታውያን ግሪኮች ባዶ ሆነው ስላገኟቸው የአየር መሄጃ መሰሏቸው፤ አርተሪ የሚለው ስምም ከዚያ የተያያዘ ነው።

ደም መልስ ስስ ነው። ሲቆረጥ እንደ ባዶ ከረጢት ጠፍጠፍ ይላል፤ ደም ሲበዛበት ደግሞ ሳይጨናነቅ ይለጠጣል። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት ከሰውነታችን ደም ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚገኘው በደም መልሶች ውስጥ ነው፤ የደም ጎተራችን እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል። ይህ መለጠጥ ለፎርስማን ጠቅሞታል። የተጠቀመበት ቱቦ፣ ሐኪሞች ካቴተር የሚሉት፣ ለልብ የተሠራ አልነበረም፤ ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ ለሚያወርደው መስመር የተሠራ፣ ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነበር። የክርኑ ደም መልስ ከዚያ ይሰፋል፤ ወደ ላይ በተሄደ ቁጥር ደግሞ በብብት፣ ከአንገት ሥር ካለው አግዳሚ አጥንት በታች፣ ከዚያም ደረት ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። ደሙ በቱቦው ዙሪያ ያለችግር ያልፋል።

የሃርቪ ዘንግ

የዚህን ጉዳይ ቁልፍ ያገኘሁት ከፎርስማን 301 ዓመት በፊት በታተመ ሥራ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 ደም በሰውነት ውስጥ እየዞረ እንደሚመለስ ሲያስረዳ በደም መልሶች ውስጥ ስላሉት ትንንሽ ክዳኖች ጽፏል። ክዳኖቹን ቀድሞ የገለጻቸው በጣሊያን ከተማ በፓዱዋ መምህሩ የነበረው ፋብሪሲየስ ነው፤ በ1603 ሥዕላቸውን ሳይቀር አሳትሟል። ሥራቸውን ግን አልተረዳም፤ ደም ወደ እጅና እግር በአንዴ እንዳይጎርፍ የሚያዘገዩ መስለውት ነበር። ሃርቪ አስከሬን ላይ ቀጭን ዘንግ ይዞ ሞከረ። ዘንጉን ከትልቁ ደም መልስ ወደ ትንሹ፣ ማለትም ከልብ ወደ እጅ አቅጣጫ ሲገፋው ክዳኖቹ ላይ ተሰንቅሮ እምቢ አለ። ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ከእጅ ወደ ልብ ሲገፋው ግን ያለ ችግር ሄደ።

ፎርስማን ያደረገው ይህንኑ በሕያው ክንድ ላይ ነው። ቱቦው 65 ሳንቲ ሜትር ሲጓዝ በመንገዱ ያሉት ክዳኖች ሁሉ ወደ ልብ የሚከፈቱ በሮች ነበሩ፤ ገፋ ሲያደርጋቸው ይከፈታሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ ልብ የሚገባው የላይኛው ታላቅ ደም መልስ ክዳን የሚባል የለውም፤ ቱቦውን በቀጥታ ወደ ቀኝ ልብ የላይኛው ክፍል ያስገባዋል። በደም ቅዳ ውስጥ በኩል ቢሆን ኖሮ ቱቦው በ120 ግፊት ከሚመጣው ደም ፊት ለፊት እየተጋፋ አኦርታ ድረስ መውጣት፣ መጨረሻ ላይም በእያንዳንዱ ምት ከሚዘጋው የአኦርታ ክዳን ጋር መጋፈጥ ነበረበት።

የሃርቪን ክዳኖች ማየት የሚፈልግ ሰው አስከሬን አያስፈልገውም። ክንድን ዝቅ አድርጎ ደም መልሱ እስኪያብጥ መጠበቅ፤ በአንድ ጣት መስመሩን ወደ እጅ በኩል ተጭኖ መያዝ፤ በሌላው ጣት ከዚያ ተነሥቶ ደሙን ወደ ክርን አቅጣጫ መግፋትና ሁለተኛውን ጣት ማንሣት። መስመሩ ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ደሙ ከላይ ተመልሶ አይሞላውም፤ ክዳኑ ያዘው። የመጀመሪያውን ጣት ሲያነሡ ግን ከእጅ በኩል ሽው ብሎ ይሞላል። ይህን የመጀመሪያ ጊዜ ስሞክረው ደጋግሜ አደረግኩት፤ በቆዳ ላይ የሚታይ በር መኖሩ ዛሬም ይደንቀኛል።

ታዲያ በዚህን ያህል ዝቅተኛ ግፊት ደም መልስ ደሙን ሽቅብ እንዴት ይመልሰዋል? የሚገፋው ልብ ብቻ አይደለም። እግር ሲራመድ ጡንቻዎች በመካከላቸው ያሉትን ደም መልሶች ይጨምቋቸዋል፤ ክዳኖቹ ወደ ታች መመለስን ስለሚከለክሉ ደሙ ያለው ምርጫ ወደ ላይ መሄድ ነው። አየር ስንስብ ደግሞ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና ደሙ ወደ ደረት ይሳባል። ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቆም ወይም መቀመጥ እግርን የሚያሳብጠው፣ የክዳኖቹ መላላትም በእግር ላይ የሚታዩትን የተጠማዘዙ ወፋፍራም መስመሮች የሚያመጣው ይህ አሠራር ሲጓደል ነው።

ፎርስማን ቱቦውን ሲገፋ ሕመም አልተሰማውም። ቱቦው በደም መልሱ ግድግዳ ላይ ሲንሸራተት ሙቀት ብቻ ተሰማው፤ አግዳሚው አጥንት አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ቀለል ያለ ሳል መጣበት።

ቱቦው ቢረዝም ኖሮ

በራጁ ላይ የቱቦው ጫፍ በቀኝ ልብ የላይኛው ክፍል ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልሄደም፤ ቱቦው ስላጠረ። ቢረዝም ወዴት ይሄድ ነበር የሚለው ጥያቄ የቀረውን የደም ሥር ነገር ያብራራል።

ከላይኛው ክፍል ቀጥሎ ያለው የቀኝ ልብ የታችኛው ክፍል ነው፤ ከእሱ ደሙን ወደ ሳንባ የሚወስደው ትልቅ ደም ሥር ይነሣል። ይህ ደም ሥር ኦክስጅኑን የጨረሰ ጥቁር ቀይ ደም ይሸከማል፤ ቢሆንም ደም ቅዳ ነው። ከሳንባ ወደ ግራ ልብ የሚመለሱት ደግሞ ደማቅ ቀይ ደም ቢሸከሙም ደም መልስ ናቸው። ትምህርት ቤት «ደም ቅዳ ንጹሕ ደም ይይዛል» ብለው ያስተማሩን ብዙዎቻችንን ያደናገረ ነገር ነው። ስሙን የሚወስነው አቅጣጫው ነው፦ ከልብ የሚወጣው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚገባው ደም መልስ። በነገራችን ላይ ክንዳችን ላይ ሰማያዊ የሚመስለው የብርሃንና የቆዳ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው ደም ቀይ ነው።

በሳንባ ውስጥ ደም ቅዳው ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ካፒላሪ ይሆናል። ሃርቪ ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ መሻገሩን ቢያረጋግጥም ድልድዩን ሳያይ ነው የሞተው። ያየው ጣሊያናዊው ማርቸሎ ማልፒጊ ነው፤ በ1661 የእንቁራሪት ሳንባ በማጉያ መሣሪያ ሲመለከት። የካፒላሪ ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ነው፤ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ ከ7 እስከ 8። ስለዚህ ሕዋሳቱ በአንድ ረድፍ፣ ብዙ ቦታ ላይም ተጣጥፈው እየተሹለኮለኩ ነው የሚያልፉት። ግድግዳው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ስላለው ኦክስጅን በቀላሉ ይሻገራል። ለመሻገር ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜውም አለ። ደሙ በካፒላሪ ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ነው። መንገዱ ጠቦ ሳለ ፍጥነቱ መቀነሱ ግራ ሊያጋባ ይችላል። አንዷ ካፒላሪ ጠባብ ብትሆንም ሁሉም ሲደመሩ ከአኦርታው በብዙ እጥፍ ይሰፋሉ፤ ወንዝ ሜዳ ላይ ሲተኛ እንደሚያዘግመው ነው።

እዚህ ላይ ፎርስማን የመረጠው መንገድ ሌላ ጥቅሙ ይታያል። በቱቦው ጫፍ ላይ ትንሽ የረጋ ደም ተፈጥሮ ቢላቀቅ ኖሮ ደሙ ወስዶ የሚያሰነቅረው በሳንባ ጥቃቅን ደም ሥሮች ውስጥ ነበር። ትልቅ ቢሆን ይገድላል፤ ትንሽ ከሆነ ግን ሳንባ እንደ ወንፊት ይይዘዋል። በአኦርታ በኩል የተላቀቀ የረጋ ደም ግን ወንፊት አያገኝም፤ በቀጥታ ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል።

ከዚያ በኋላ

ፎርስማን ጽሑፉን በኖቬምበር 1929 በአንድ የጀርመን የሕክምና መጽሔት ከራጅ ፎቶው ጋር አሳተመ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ዘዴውን በሞት አፋፍ ላይ ለነበረች አንዲት ታማሚ እንደተጠቀመበት ይገልጻል፤ መድኃኒቱን በቱቦው አሳልፎ ሰጣት፤ ሴትየዋ ግን አልተረፈችም። የጉዳዩን ዓላማ ላለመርሳት ይህቺን ሴት ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል፤ ሙከራው ሁሉ የታሰበው እንደ እሷ ላሉት ነበር።

በሀገሩ የሕክምና ሊቃውንት ዘንድ የጠበቀውን አላገኘም። በራሱ ላይ ደጋግሞ ሞከረ፤ በራጅ የሚታይ ፈሳሽም በቱቦው ረጨ፤ በመጨረሻ ግን የልብን ነገር ትቶ የሽንትና የኩላሊት ሐኪም ሆነ። በ1932 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል፤ ይህን ከታሪኩ ማውጣት አይገባም።

ሥራውን ወደ ሙሉ ጥቅም ያደረሱት ኒው ዮርክ የነበሩት አንድሬ ኩርናንና ዲኪንሰን ሪቻርድስ ናቸው፤ በ1940ዎቹ። ቀኝ ልብን የፈለጉት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። ከጭንቅላት፣ ከእግር፣ ከሆድ ዕቃ የሚመለሰው ደም ሁሉ ተገናኝቶ የሚደባለቀው እዚያ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ አዶልፍ ፊክ በ1870 ባቀረበው ስሌት መሠረት፣ ሰውነት በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክስጅን 250 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ አንድ ሊትር ደም በደም ቅዳ ሲሄድ 200፣ ተደባልቆ ቀኝ ልብ ሲመለስ 150 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ቢይዝ፣ እያንዳንዱ ሊትር 50 አራግፏል ማለት ነው፤ 250 ለ50 ሲካፈል 5 ይሆናል። ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ደም እየረጨች ነው። የሚያርፍ ጤነኛ ሰው ልብ የሚረጨውም ወደዚህ ይጠጋል። ስሌቱ ለ70 ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ሲኖር በታማሚ ላይ እንደ ልብ ሊሠራበት ያልቻለው ያንን የተደባለቀ ደም መቅዳት ስለማይቻል ነበር። በ1956 የኖቤል ሽልማቱን ሦስቱ ተካፈሉ። ፎርስማን ያን ጊዜ ባድ ክሮይትስናኽ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠራ ሐኪም ነበር።

በደም ቅዳ በኩል ያለው መንገድም ከጊዜ በኋላ ተከፈተ፤ ግን የራሱን ዘዴ ጠይቆ ነው። ስዊድናዊው ስቬን ሴልዲንገር በ1953 ደም ሥሩን በቢላዋ መክፈት ቀርቶ በመርፌ መውጋት፣ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ማስገባት፣ መርፌውን አውጥቶ በሽቦው ላይ ቱቦውን ማንሸራተት የሚል ብልሃት አሳተመ። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ከፍተኛ ግፊት ያለበት ደም ቅዳም ሲያበቃ በመጫን ይዘጋል። ዛሬ የልብ ደም ቅዳ ጠቦ እንደሆነ የሚመረመር ሰው ብዙ ጊዜ ቱቦው የሚገባለት በእጅ አንጓው ላይ፣ ትርታ በምንቆጥርበት ደም ቅዳ በኩል ነው።

የፎርስማን ቱቦ ያላለፈው የቀረው መንገድ ግን በሌላ ነገር ተሟላ። በልብ ክፍሎች ውስጥ ቱቦ ገፍቶ ማሳለፍ አስቸጋሪ ነው፤ ጫፉ የልብን ግድግዳ ሲነካ ምቱን ያዛባል። የልብ ሐኪሙ ጄረሚ ስዋን በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ሸራዋን የዘረጋች ጀልባ በነፋስ ስትሄድ አይቶ ሐሳብ እንደመጣለት ተናግሯል። ከዊልያም ጋንዝ ጋር በ1970 ያሳተመው ካቴተር ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ አለው። ቱቦው በደም መልስ ወደ ቀኝ ልብ ሲደርስ ፊኛው ይነፋል። ከዚያ በኋላ የሐኪሙ እጅ ቱቦውን ያቀብላል እንጂ አይመራም፤ ደሙ ፊኛውን ይዞ በክዳኑ ያሳልፈዋል፣ በታችኛው ክፍል በኩል ወደ ሳንባ ደም ቅዳ ያስገባዋል፣ ቅርንጫፉ እየጠበበ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ያሰነቅረዋል። ፊኛው የኋላውን ግፊት ስለዘጋ የቱቦው ጫፍ ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ያነባል፤ የቆመ ደም በካፒላሪዎቹ አልፎ፣ በሳንባ ደም መልሶች በኩል እስከ ግራ ልብ የላይኛው ክፍል የተያያዘ ነው። በመቆጣጠሪያው ላይ የሚታየው ቁጥር፣ ማንም ሳይገባበት፣ የግራ ልብ ግፊት ነው።